አልሽር ያለ ቁስል፦ ለጤና ጣቢያ ነርስ የሥራ መመሪያ

ቁስል ማጠቢያ ክፍል የሠራ ነርስ ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። ከመንዝ ወይ ከአንኮበር በኩል ይመጣል። ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ እግሩን ዘርግቶ «እንደተለመደው ነው» ይላል። ፋሻው ይፈታል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ አዲስ ፋሻ ይጠቀለላል፣ ቀጠሮ ይጻፋል። ስምንት ወር እንዲህ ይሄዳል። ቁስሉ ግን ያው ነው።

እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር የምሠራው። በደንብ ካጠብኩ ይሽራል ባይ ነበርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ቁስልን የሚዘጋው ገላው ራሱ ነው፣ ያውቅበታል። ካልዘጋ የከለከለው ነገር አለ ማለት ነው። የእኛ ዋና ሥራ ያንን ከልካይ ፈልጎ ማግኘት ነው። ፋሻው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው ጎዝ፣ ሳላይን (ከጀርም የጸዳ የጨው ውሃ)፣ ጓንትና ፋሻ ብቻ ይዞ ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ነርስ ነው። አንድ ቁስል አራት ሳምንት አልፎት የመዳን መልክ ካላሳየ የቆየ ቁስል ብላችሁ ያዙትና ከዚህ ጀምሩ።

፩. ፋሻውን ከመፍታት በፊት መጠየቅ

መቼ ጀመረ? በምን ጀመረ? ከዚህ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ወጥቶ ያውቃል? እነዚህ ቀላል ናቸው። ከባዱ «ምን አደረጉበት?» የሚለው ነው። በቁጣ ከጠየቃችሁ መልሱ «ምንም» ነው። እኔ «አባባ፣ ቤት ሲያምዎ ምን ነበር የሚያስታግስልዎ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ያኔ ይወጣል። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ ቅጠል፣ አንዳንዴም በረኪና። ከሁሉ የሚበዛው ግን ካፕሱል ፈቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ነው። ዱቄቱ ከላይ ይጋገራል፣ ከሥር መግል ይቋጥራል። ከላይ ሲያዩት የደረቀ ስለሚመስል «ጠቀመኝ» ይላሉ።

ስለ ጸበልም ጠይቁ። በእኛ አገር ሰው ሸንኮራ ዮሐንስ ወይ ጻድቃኔ ማርያም ሄዶ መሰንበቱ የተለመደ ነው። «አይሂዱ» ማለት ሰውየውን ከማጣት ሌላ ትርፍ የለውም። እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። የስኳር መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ቁስሉን በንጹሕ ላስቲክ ሸፍነው ይጠመቁ። ፋሻው ከረጠበ የዚያኑ ዕለት ይቀየር። ከዚያ ትርፍ ጎዝና ፋሻ ቋጥሬ እሰጣለሁ። የቋጠርኩለት ሰው ተመልሶ ይመጣል።

እግሩ ላይ የቆየ ቁስል ያለበትን ሰው ሁሉ ስኳሩን ለኩ። «ስኳር የለብኝም» ቢልም ለኩ። ግፊቱንና ክብደቱንም መዝግቡ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም አጣሩ።

፪. ቁስሉ የተቀመጠበት ቦታ ይናገራል

ፋሻው ሲፈታ ወዲያው ወደ ጎዙ አትሩጡ። ቁስሉ የት ነው ያለው?

ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ከሆነ፣ ዙሪያው ከጠቆረ፣ እግሩ ካበጠና ውሃ የሚያዘንብ ከሆነ ደም መላሽ ሥሮቹ ሥራቸውን አልሠሩም። እግሩን ከፍ ሲያደርግ ይቀለዋል።

ጣቱ ጫፍ ላይ ወይ ተረከዙ ላይ ሆኖ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ፀጉር ከሌለውና ሌሊት እግሩን ከአልጋ ወደ ታች እያንጠለጠለ ካደረ ደም የሚያደርሰው ሥር ጠቧል። ይህ አደገኛው ነው።

ውስጥ እግሩ ላይ፣ የደደረ ቆዳ መሀል፣ ምንም የማያም ቁስል ካያችሁ ስሜት ጠፍቷል። ስኳር ነው ወይ ሥጋ ደዌ። ሰውነቱ ላይ የነጣና ስሜት የሌለው ቦታ ካለ ፈልጉ። የድሮውን ክፉ ስም ግን ከአፋችሁ አታውጡ። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፣ ስሙ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ያስሸሻል።

ወገብ ታች፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ያለው የተኝቶ ውሎ ቁስል ነው። ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረ ገበሬ እግሮቹ አብጠው ቆዳው ከሻከረና በጣቶቹ መሀል ከተሰነጠቀ ዝሆኔን አስቡ። ፊት ላይ፣ አፍንጫ ወይ ጆሮ ላይ ወራት የቆየ ቅርፊታም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። አሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ነው። ቢታጠብ ቢታጠብ አይድንም፣ የራሱ መድኃኒት አለው። በድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የወጣና ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን ያበጠ ቁስል ደግሞ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይፈልጋል።

ከዚያ የደም ምት ፈልጉ። አንዱ ከእግር ጀርባ ላይ፣ ሌላው ከውስጥ ቁርጭምጭሚት ኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የማይቀዘቅዝ እግር የለም፣ የእኔም ይቀዘቅዛል። ታካሚው ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ትንሽ ይቀመጥ። ከዚያ ሁለቱን እግር አነጻጽሩ።

ስሜትን ለመመርመር የተለየ መሣሪያ ባይኖርም ጣታችሁ ይበቃል። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍን። አውራ ጣቱን፣ መሀል ጣቱንና ትንሿን ጣት ጫፋቸውን በቀስታ ለአንድ ወይ ለሁለት ሰከንድ ንኩ። አትጫኑ፣ አታሹ። ሁለቱ እግር ላይ በድምሩ ስድስት ቦታ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካልታወቀው እግሩ ስሜት አጥቷል ብላችሁ ያዙ። የእኛ አገር ብርድ እዚህ ጋ ነው ጉድ የሚሠራው። ስሜት የሌለው እግር ምድጃ ዳር ይሞቃል፣ ይበስላል፣ ባለቤቱ አያውቅም። «እሳት ሲሞቁ እግርዎን ምን ያህል ያስጠጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ያስቃል። ግን ጠይቁ።

፫. መለካት

ካርዱን ግለጡ። «ቁስሉ ታጥቧል፣ ደህና ነው» የሚል ጽሑፍ ከአምስት የተለያዩ እጆች ታገኛላችሁ። አንደኛው የእኔ ነው። ደህና ማለት ከምን አንጻር ነው? ዛሬ እኔ ነኝ ተረኛ፣ ነገ ሌላ ሰው ነው። ቁጥር ካልጻፍን ቁስሉን የሚያስታውስ ሰው የለም።

በወረቀት ማስመሪያ ረጅሙን ርዝመትና እሱን የሚያቋርጠውን ትልቁን ስፋት በሳንቲሜትር ለኩ። አባዙት። 6 በ4 ከሆነ 24 ነው። ጥልቀቱን በንጹሕ የጥጥ እንጨት ለኩ። የቁስሉን መሬት ቀለም ጻፉ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ፈሳሹን፣ ሽታውን፣ የዙሪያውን ቆዳ ጻፉ። በስልክ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ አስፈቅዱ፣ ፊቱ አይታይ።

በየሳምንቱ ይህን ድገሙ። የስኳር ታማሚ የእግር ቁስል በአራት ሳምንት በግማሽ ያህል ካልቀነሰ በያዛችሁት መንገድ የመዳን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። 24 የነበረው 12 አካባቢ ካልደረሰ ቆም ብላችሁ መንገዱን መርምሩ። «ትንሽ እንጠብቅ» በማለት ስንት እግር እንደሄደ የሠራ ያውቃል።

፬. ማጠብ

የሚያመው ከሆነ ፓራሲታሞል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዋጥ። ፋሻ ሲፈታ ጥርሱን የሚነክስ ታካሚ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ጓንት አድርጉ፣ የድሮውን ፋሻ ፍቱ፣ ጓንቱን ጣሉ፣ እንደገና ታጠቡ፣ አዲስ ጓንት። የተጣበቀ ጎዝን አትንጩ። በሳላይን አርሱትና ጠብቁ። ስትነጩት የሚደማው ቀይ ነገር ገላው በሁለት ሳምንት የሠራው አዲስ ሥጋ ነው።

ሳላይኑን ለብ አድርጉት። ጠርሙሱን ሳትከፍቱ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቆዩት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቁስሉን ያበርደዋል፣ የበረደ ቁስል እንደገና እስኪሞቅ ሥራውን ያቆማል። በእኛ ክፍል ጠዋት መደርደሪያ ላይ ያደረ ሳላይን እንደ በረዶ ነው።

ስለ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። አረፋው ደስ ይለኝ ነበር። ሲፈላ ቁስሉ የሚጸዳ ይመስላል፣ ታካሚውም «ዛሬ በደንብ ታጠበልኝ» ይላል። አንዲት እናት ላይ ለወራት ስጠቀም ቁስሉ አንዲት ሚሊ አልቀነሰም። አረፋው ጀርሙን ብቻ አይደለም የሚገድለው፣ አዲሱንም ሥጋ ነው። ንጹሕ ቀይ ቁስል ላይ እሱንም፣ በረኪናንም፣ ያልቀጠነ አዮዲንንም ተዉት።

ቤት የሚታጠብ ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይበቃል። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመር። ግን ውሃው ገና ሲንተከተክ ከእሳት አይውረድ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያደገ ነርስ ይህ አይመጣለትም።

የሞተ ሥጋ ካለ ሥልጠናውን ያልወሰደ ነርስ ምላጭ አያንሳ። ለብ ያለ ሳላይንና ርጥብ ጎዝ ቀስ በቀስ ያላቅቀዋል። የደም ምት የማይገኝበት እግር ላይ ያለ ደረቅ ጥቁር ተረከዝ ደግሞ አይነካም፣ አይረጥብም። በደረቁ ሸፍናችሁ ላኩት።

፭. መሸፈን

«ቁስሉ ይንፈስበት» የሚለውን ከእናቴም ከአስተማሪዎቼም ሰምቻለሁ። የተሳሳተ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ አሳማዎች ላይ ሞክሮ፣ ተሸፍኖ ርጥበቱን የጠበቀ ቁስል አየር ላይ ከተተወው በእጥፍ ያህል ፍጥነት ቆዳ እንደሚሸፍነው አሳየ። ቁስል ርጥበት ይወዳል። መዋኘት ግን አይወድም።

ስለዚህ የቁስሉን ጸባይ ተከተሉ። ደረቅ ከሆነ የቫዝሊን ጎዝ ወይ በሳላይን ረጥቦ የተጨመቀ ጎዝ። ብዙ ውሃ ካለው ከላይ ወፈር ያለ ጎዝ ደርቡ፣ ዙሪያውን ጤነኛ ቆዳ በቫዝሊን ቀቡ። ጉድጓድ ካለው ጎዙን ላላ አድርጋችሁ ሙሉ፣ አትጠቅጥቁ። ስንት ጎዝ እንደገባ ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተረስቶ የቀረ ጎዝ አውጥቼ ስለማውቅ ነው።

ማርስ? የቁስል ማር የሚባለው በፋብሪካ ከጀርም የጸዳ ነው። የገበያው ማር እንደዚያ አይደለም፣ ለጠጅ ይሁን። ሽታው ሰው የሚያርቅ ቁስል ላይ ደግሞ የተፈጨ ሜትሮኒዳዞል በሐኪም ትእዛዝ ይደረጋል። ቅድም ካፕሱል አትነስንሱ ብዬ አሁን ይህን ማለቴ ያስቃል። ግን ይኸኛው ለሽታ ነው፣ ሽታውን በእርግጥ ይቀንሳል። ሰውየው ከልጆቹ ጋር መሶብ ለመቅረብ አያፍርም።

በየቀኑ መፍታት ግዴታ አይደለም። ፈሳሹ ወደ ውጭ ካልዘለቀና ካልተበከለ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ሦስት ሰዓት በእግሩ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጠሮውን ከገበያ ቀኑ ጋር አጋጥሙት። በመሀሉ የሚቀይርለት የቤተሰብ ሰው ካለ እናንተ ፊት አንዴ ይሥራው።

፮. ከልካዩን ማንሳት

ሙሉ ሥራው ያለው እዚህ ነው።

የደም መላሽ ቁስል ካልታሰረ አይድንም። የሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበት በታች፣ እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ እየደረበ ይጠቀለላል። ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ። መጀመሪያ ግን የደም ምቱ ይገኝ። ምት የሌለውን እግር ማሰር ማነቅ ነው። ካሰራችሁ በኋላ ጣቶቹ ከጠቆሩ ወይ ከደነዘዙ ቶሎ እንዲፈታ ንገሩት።

ስሜት ያጣ እግር ደግሞ ከመረገጥ ማረፍ አለበት። «እግርዎን አሳርፉ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ገብሱ ደርሶ፣ አውድማው ተለቅልቆ፣ ማን ያሳርፋል? አንድ ገበሬ «አንተ ታጭድልኛለህ?» ብሎኝ አፍሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ አብሮት የመጣውን ሰው አስገባለሁ። ልጁን ወይ ጎረቤቱን። «ይህ እግር እስከ ጥር ካልተረገጠ ይተርፋል፣ ከተረገጠ ይቆረጣል» እላለሁ። ደቦ የሚባል ነገር አለን። ለሞተ ሰው ቤተሰብ የሚያጭድ መንደር በቁስሉ ለተኛም ያጭዳል፣ የሚነግረው ሰው ካገኘ።

መርገጥ የማይቀርለት ከሆነ ምርኩዝ ወይ ክራንች ይያዝ። ወፍራም ስፖንጅ ወይ ፌልት (የተዳመጠ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) ቁስሉ ትይዩ ቀዳዳ ቆርጣችሁ ውስጥ እግሩ ላይ ለጥፉ፣ ክብደቱ በዙሪያው እንዲያርፍ። ቀዳዳው ከቁስሉ ትንሽ ይስፋ። ጫማውንም እጃችሁን ከትታችሁ ዳስሱት። ከኮንጎ ጫማ ውስጥ ምስማርም፣ ጠጠርም፣ የተሰነጠቀ ላስቲክም አውጥቻለሁ። ሰውየው ለሁለት ሳምንት ረግጦት አያውቀውም።

የተኛን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ገጠር ቤት ሰዓት የሚያይ የለም። ስለዚህ ከቤቱ ሥራ ጋር አያይዙት፦ ከብት ሲወጣ፣ ቡና ሲፈላ፣ ምሳ ሲቀርብ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በጀርባ። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አይተኛ። ጀርባው ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አስገብቶ ጋደም ማድረግ ይሻላል። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይደረግ። ቀዳዳ ያለውን ክብ ትራስ አትጠቀሙ፣ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያንቃል። የመንዝ ባና ሙቀቱ የሚወደድ ነው፣ ከሥር ተነጥፎ ሲጨማደድ ግን ቆዳ ይልጣል። ከላይ ይልበሱት። ሌሊቱ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ለማገላበጥ ስትነሳ የምታድር ምራት ወይ ልጅ ራሷ ልትወድቅ ነው። ተራ እንዲያወጡ እናንተ ተናገሩ፣ ከነርስ አፍ ሲወጣ ይሰማል።

ለዝሆኔ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ በጣቶች መሀል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ጫማ መልበስ ነው።

፯. ምግቡ

ቁስል ከሚፈሰው ውሃ ጋር ፕሮቲን ይጠፋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ካለ ጥሩ ነው። ሁዳዴ ከገባ ግን እማማን እንቁላል ብሉ ብትሏቸው በአክብሮት ሰምተዋችሁ አይበሉም። የነፍስ አባታቸውን እንዲያማክሩ ጠይቁ፣ ለታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ካልሆነም ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩና ባቄላው በቀን ሁለቴ ይቅረብ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም የስኳር ታማሚ ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጹም፣ መድኃኒቱን ወስዶ ባዶ ሆዱን ቢውል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል።

፰. መቼ መላክ

የቆየ ቁስል ሁሉ ጀርም አለበት። ጀርም ስላለ ብቻ አንቲባዮቲክ አይታዘዝም። የተመረቀዘ የምንለው ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ሕመሙ ከባሰ ወይ መግል ካለው ነው፣ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ። ናሙና ከተፈለገ መጀመሪያ እጠቡ። ከመግሉ ላይ አትውሰዱ፤ ንጹሕ ቀዩን ሥጋ በጥጥ እንጨቱ ለአምስት ሰከንድ ተጭናችሁ አሽከርክሩ።

መቅላቱ ከቁስሉ ጠርዝ ሁለት ሳንቲሜትር ካለፈ፣ ትኩሳት ካለ፣ ጣት ከጠቆረ፣ ስትመረምሩ አጥንት ከነካችሁ፣ ቆዳው ሲዳሰስ ከተንኮሻኮሸ፣ ወይ የእግሩ ምት ከጠፋ የዚያኑ ቀን ሪፈር ነው። ነገ አይባልም። በልኬቱ ያልቀነሰውንም በቀጠሮ ላኩ።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ አትጻፉ። ደብረ ብርሃን የሚቀበለው ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። መቼ ጀመረ፣ የየሳምንቱ ልኬት፣ የስኳር መጠን፣ የደም ምት አለ ወይ የለም፣ ምን መድኃኒት ወሰደ። አምስት መስመር ነው። የጤና መድን ደብተሩ መታደሱንም እዩ። ሳይታደስ ሄዶ ከበር የተመለሰ ሰው ሁለተኛ አይሄድም።

፱. ከዘጋ በኋላ

ቁስሉ ሲዘጋ ታካሚው ይመርቃችኋል፣ «ዶክተር» ይላችኋል። ነርስ ነኝ ብትሉም ዶክተር ነው የሚላችሁ። ግን አትሰናበቱት። ጠባሳ መቼም እንደ ድሮው ቆዳ አይጠነክርም። ቢበዛ የቀድሞውን 80 በመቶ ያህል ጥንካሬ ነው የሚያገኘው፣ ለዚያውም ወራት ወስዶ። ስሜት የሌለው እግር ደግሞ እንደተዘጋም ስሜት የለውም።

በየወሩ ቀጠሮ ስጡት። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስሙን ትያዝ። ማታ ማታ እግሩን ልጁ በባትሪ ትይለት፣ ውስጥ እግሩን እሱ ጎንበስ ብሎ አያየውም። የደም መላሽ ቁስል የነበረበት ፋሻውን ወይ የሚያጠብቀውን ካልሲ ቀን ቀን ማድረጉን አይተው።

ጫማውንም ጠይቁ። አንዱ ታካሚዬ ሰባት ወር ታጥቦ ድኖ ሄደ። በሦስተኛው ወር እዚያው ቦታ ላይ፣ ያኑ የሚያህል ቁስል ይዞ መጣ። ያችኑ ኮንጎ ጫማ አድርጓታል። ምስማሯን አውጥቼ መልሼ የሰጠሁት እኔው ነበርኩ።